ገዢው ሠዓሊና የካራንቲና በር

ባሕር አቋርጦ ወደ ቅዱስ ስፍራ የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው መቅደሱን ሳይኾን በሩን ነው። በበሩም መቈየትና መመርመር አለ። በጅዳ ከተማ ደቡብ የነበረው ካራንቲና የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው፤ በመርከብ የሚመጡ የመካ ተጓዦች ከበሽታ ነጻ መኾናቸው እስኪታወቅ ድረስ ተለይተው ይቈዩ ነበርና። በኋላ ዘመን ሰፈሩ ከአፍሪካ ለመጡ ድኾች መኖሪያ ኾነ፤ ከእነዚያም መካከል የኢትዮጵያ ልጆች ነበሩበት።

ይህ ሰፈር የሚገኝበትን የመካን ግዛት ያስተዳደሩት ልዑል ኻሊድ አል-ፈይሰል ባለቅኔና ሠዓሊም ናቸው። የንጉሥ ፈይሰል ልጅ ሲኾኑ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1940 ዓ.ም. በመካ ተወለዱ። በዚሁ አቈጣጠር ከ1971 እስከ 2007 ዓ.ም. የዐሲር አገረ ገዢ ነበሩ፤ ከዚያም በመካ ተሾሙ። በመካከሉ ጥቂት ጊዜ የትምህርት ሚኒስትር ኾነው ከሠሩ በኋላ በ2015 ዓ.ም. ወደ መካ ሹመታቸው ተመለሱ። ግጥማቸው የሚታወቀው «ዳይም አስ-ሰይፍ» በሚል የብዕር ስም ነው። አንድ እጅ የሹመትን ማኅተም፣ የቅኔን ብዕርና የሥዕልን ቡርሽ በአንድነት ሲይዝ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም ቡርሹ ያየውን ማኅተሙ ያየዋልን? የሚል ነው።

የሥዕላቸው ዋነኛ ርእስ የዐሲር ተራራማ ሀገር ነው። ኢትዮጵያዊ ይህን ሀገር ቢያየው እንግዳ አይኾንበትም። ጉም የሚያርፍበት ደጋ ነው፤ በሸንተረሩ ላይ የሚበቅለውም ጥድ በኢትዮጵያ አድባራት ዙሪያ የሚታየው ያው ጥድ ነው። በሥዕሎቹ ላይ የሰፈነው እርጋታ ነው። በዓረብ ዘንድ ከእጅ ጥበባት ኹሉ የከበረው ጽሕፈት እንደ ኾነ የታወቀ ነው። ቁም ጸሐፊ ብራናውን አስምሮ፣ መቃውን ቀርጾ፣ ትንፋሹን ገትቶ ፊደል ሲያወርድ የተመለከተ ሰው፣ ጽሕፈትን በሚያከብር ልማድ ያደገ ባለቅኔ ተራራ ሲሥል መስመሩ የማይቸኩልበትን ምክንያት በቀላሉ ያስተውላል።

በ2000 ዓ.ም. ሥዕሎቻቸው በለንደን ከእንግሊዙ አልጋ ወራሽ፣ በኋላ ንጉሥ ከኾኑት ከቻርልስ ሥዕሎች ጋር ለሕዝብ ታዩ፤ በተከታዩም ዓመት የአልጋ ወራሹ ሥዕሎች በዐሲር ዋና ከተማ በአብሃ ታዩ። ነገር ግን የመሳፍንት ሥዕል ምስጋና አጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ምስጋናው ሚዛን ሊኾን አይችልም። እርጋታም ኹለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሁከትን አይቶ፣ ታግሦ፣ አልፎ የሚገኝ ነው፤ ኹለተኛው ሁከትን ካለማየት የሚመጣ ነው። በገዳም የኖረ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። የተራራ ሥዕል ግን ብቻውን ከየትኛው እንደ ኾነ አይናገርም።

ስለዚህ ምስክርነቱን ከሸራው ውጭ መፈለግ ይገባል። ልዑሉ በአብሃ አል-ሙፍታሓ የተባለ የጥበብ መንደር አቋቁመው ወጣት ሠዓልያን የሚሠሩበትን ቦታ ሰጡ። ስሙ በግዕዝ «ፈትሐ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። ፈትሐ ማለት ከፈተ፣ ፈታ ማለት ነው፤ ዳግመኛም ፈረደ ማለት ነው።

በዚያ መንደር ከሠሩት አንዱ ሐኪሙ አሕመድ ማጢር ነው። በአንድ ጥቁር ማግኔት ዙሪያ የብረት ብናኝ አሰልፎ ሕዝብ በመካ የሚዞረውን ዙረት አሳየ፤ ደግሞም የመካን መፍረስና መታነጽ፣ የሠራተኞቿንም ኑሮ በፎቶግራፍ መዘገበ። ሌላው የጦር መኰንን የነበረው ዐብዱናስር ጋሬም ነው። በቲሃማ ቈላ በ1982 ዓ.ም. ጎርፍ ሲመጣ የመንደር ሰዎች በኮንክሪት ድልድይ ታምነው ከነከብታቸው በላዩ ተጠለሉ፤ ድልድዩን ግን ጎርፉ ወሰደው። ጋሬም በቀረው ስባሪ ላይ «ሲራጥ» የሚለውን ቃል እየደጋገመ ጻፈበት፤ ትርጓሜውም መንገድ ማለት ነው። በዚህ ሥራ ፊደሉ ጌጥ መኾኑ ቀርቶ ለሞቱት መታሰቢያ ኾኗል። ጌታው ከሣሉት ተራራ ይልቅ በከፈቱት ደጅ የገቡት ልጆች የሠሩት ይበልጣል ቢባል ልዑሉን ማሳነስ አይደለም፤ የሠዓሊው ገዢ ትልቁ ሥራ ይህ ነውና።

ኾኖም ፈትሐ የሚለው ቃል ኹለተኛ ትርጓሜውን ይጠይቃል። በ2021 ዓ.ም. መጨረሻ በጅዳ ያረጁ ሰፈሮችን የማፍረስ ሥራ ተዠመረ፤ ካራንቲናም ከሚፈርሱት መካከል ነበረ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2022 ዓ.ም. እንደ ገለጠው፣ ከተፈናቃዮቹ ከመቶ 47ቱ የውጭ ሀገር ሰዎች ሲኾኑ ካሣው እነርሱን አላካተተም። ሰፈሩ የተጎሳቈለ ነበር፤ መታደሱን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ያለ ካሣ የወጣው ድኻ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ከፍርድ ወገን ነው። ተራራውን በጥንቃቄ ያየ ዐይን በግዛቱ ካሉት ሰፈሮች መካከል ይህን ዝቅተኛውን እንዲያይ ይጠበቅበታል።

ይህ ነቀፋ በባዕድ ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መጻሕፍት ያጻፉ፣ የእመቤታችንም ሥዕል እንዲከበር ያዘዙ ንጉሥ ነበሩ፤ በዘመናቸው ፍሬ ጽዮን የሣላት ሥዕል በጣና በዳጋ እስጢፋኖስ ትገኛለች። በዚያው ዘመን ደግሞ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኰሳት በንጉሡ ትእዛዝ ብዙ መከራ ተቀበሉ። በሥዕሏ ፊት የሚቆም ምእመን ውበቷን ሲያደንቅ መከራቸውን መርሳት አይገባውም፤ መከራቸውን ሲያስብም ውበቷን መካድ አይገባውም።

የልዑል ኻሊድም ሥራ በዚሁ ሚዛን ይመዘን። የተራራቸው እርጋታ መልካም ነው፤ ለወጣቶች የከፈቱትም ደጅ ከዚያ ይበልጣል። የካራንቲና ሰዎች ግን ከሥዕልም ከመንደርም በፊት የሚሹት በሩ ላይ ለቆመ እንግዳ የሚገባውን ፍርድ ነበር።