የኋለኛው ዘመን የሮማ ነሐስ ገንዘብ አለያየት፤ ስለ አንድ መጽሐፍ የቀረበ ሒስ

ሒል፣ ኬንትና ካርሰን ከ324 እስከ 498 የተመታውን የሮማ ነሐስ ገንዘብ ዘርዝረው እ.ኤ.አ. በ1960 ለንደን ላይ ያወጡት መጽሐፍ ዛሬም ከቁፋሮ ሊቃውንት እጅ አልተለየም፤ ይህም ይገባዋል፤ ብዙውን ነገር በጥቂት ገጽ ጨምቆ ይዟልና። ነገር ግን አሰላለፉ ገንዘቡ ከተመታበት ከተማ ይነሣል። የከተማው ምልክት ያለው ከጀርባው ምስል ግርጌ፣ በጠርዙ አጠገብ ነውና ከመሬት በወጣ ሳንቲም ላይ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነው። ስለዚህ ተማሪው ገና ሲጀምር በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል።

በእኛ አስተያየት ምርመራው ከጀርባው ምስል ሊጀምር ይገባል። «የሠራዊቱ ክብር» የሚል የላቲን ጽሕፈት ያለበትን እንመልከት፤ በሁለቱ ወታደሮች መካከል ሁለት ዓላማ ቢቆም ከ330 እስከ 335 ገደማ፣ አንድ ብቻ ቢቆም ከ335 እስከ 341 ገደማ የተመታ ነው። ፊደሉ ሁሉ ቢፋቅ እንኳ ዓላማውን መቍጠር አያዳግትም፤ በዚህም ቍጥር ብቻ የአንድ የቁፋሮ ንጣፍ ዘመን ሊለወጥ ይችላል።

ወታደር ከፈረሱ የወደቀውን ጠላት ሲወጋ የሚያሳየው፣ ከ348 ወዲህ የወጣው ዓይነት ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በ350ዎቹ ዓመታት በብሪታንያና በጎል ይህንኑ አስመስለው የመቱ ብዙዎች ናቸው። የከተማውንም ምልክት ከእውነተኛው ስለ ቀዱ፣ ምልክቱ ሳንቲሙ ከየት እንደ ወጣ አይመሰክርም፤ ከእርሱ ይልቅ መጠኑና የፊደሉ አጣጣል ይታመናሉ።