«ማስታወቂያ» የሚለው ቃልና የቴሌቪዥን ተመልካች

«ማስታወቂያ» በአማርኛ ብዙ ሥራ ከተጫነባቸው ቃላት አንዱ ነው። የውሃ መቋረጥ በማስታወቂያ ይነገራል፤ የሥራ ቅጥር፣ ጨረታ፣ የጠፋ ሰው ፍለጋ፣ የቀብር ሥነ ሥርዓት፣ ሁሉም በማስታወቂያ ይወጣል። በዘውዱ ዘመን የመንግሥትን ወሬ ለሕዝብ ያሰራጭ የነበረው መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሚኒስቴር ይባል ነበር፤ ስሙም ከጥቂት ለውጥ ጋር በደርግ ዘመን ቀጥሏል። በዚሁ ቃል ደግሞ ሳሙና ይሸጣል፤ መሠረቱ ገና ያልተቆፈረ ቤትም ይሸጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቃሉ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን፣ ይኸውም ማሳወቅንና ማግባባትን፣ በአንድ ስም መሸፈኑ በቴሌቪዥን ተመልካች አሰማም ላይ ምን እንደሚያስከትል መመርመርና መፍትሔ ይሆናል የሚባለውን ለውይይት ማቅረብ ነው።

በሥርወ ቃሉ ሲታይ «ማስታወቂያ» የሚመነጨው «ዐወቀ» ከሚለው ግስ ነው። ከዚያ «አስታወቀ» ይመጣል፤ ከ«አስታወቀ» ደግሞ «ማስታወቂያ» የሚለው የመሣሪያ ስም ይወጣል። ትርጉሙም ያልታወቀውን ነገር የሚያሳውቁበት መንገድ ማለት ነው። በውስጡ ማባበልም ሆነ ማማለል የለበትም። ቀድሞ አዋጅ ነጋሪው ነጋሪት እየተጎሰመ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ሲል ከአድማጩ የሚፈልገው መስማትንና ማሰማትን እንጂ መውደድን አልነበረም። የሰፈር ቆራሌውም ቢሆን በየበሩ እየዞረ ሲጣራ የመጣበትን ጉዳይ ከማሳወቅ አያልፍም፤ ባለቤቲቱ ባዶ ጠርሙስ ካላት ትጠራዋለች፤ ከሌላት ዝም ትላለች። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ከጀመረ በኋላ የነጋዴው ጥሪ ወደ መስኮቱ ሲገባ የተሰጠው ስም ግን ከአዋጅና ከይፋ መግለጫ ጋር የኖረው ይኸው ስም ነው። ነጋዴው ከስሙ ጋር ስሙ ለዘመናት ያጠራቀመውን እምነት ጭምር ወረሰ ማለት ይቻላል።

ይህ በአማርኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የእንግሊዝኛው «አድቨርታይዝ» ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥንት ልብን ወደ አንድ ነገር ማዞር፣ ማስገንዘብ ማለት ነበር፤ ወደ ሽያጭ ያዘነበለው ኋላ ነው። ጣልያንኛ ግን ለተራው መግለጫ «አቪዞ»፣ ለንግዱ «ፑብሊቺታ» እያለ ሁለቱን በስም ይለያቸዋል።

ጣልያንኛን ካነሣን፣ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ምልከታ የተደረገበት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያው ቋንቋ ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ስያሜውን የወሰደው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከታነጹት መኖሪያ ቤቶች ነው። «ካዜ» ቤቶች ማለት ሲሆን «ኢንቺስ» ቤቶቹን የሚያሠራው ድርጅት ስም አኅጽሮት ነበር። የአዲስ አበባ ሕዝብ ሁለቱን አጋጥሞ፣ በራሱ አፍ ሞርዶ፣ አንድ የሰፈር ስም አደረጋቸው። በዚህ ውሰት የተታለለ ሰው የለም፤ ካዛንቺስ የሚለውን የሰማ ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ይህ ምሳሌ ኋላ ስለ ባዕድ ቃላት ስንናገር ይጠቅመናል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚያ ሰፈር ከነበሩት ሻይ ቤቶች በአንዱ ለብዙ ዓመታት ማታ ማታ ይቀመጥ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የነባሩ ሰፈር አብዛኛው ክፍል ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል፤ ሻይ ቤቱም ዛሬ የለም። በዚያ ቤት ውስጥ ከወሬውና ከተከታታይ ድራማው መካከል የንግድ ማስታወቂያ ሲገባ ተመልካቾች የሚሰጡት ምላሽ በአራት ይከፈል ነበር።

የመጀመሪያዋ የሻይ ቤቱ ባለቤት እናት ናቸው። ከመስኮቱ ውስጥ ያለው ድምፅ «ይሞክሩት» ሲላቸው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ይመልሱ ነበር። ይህ የሚያስቅ ቢመስልም በአማርኛ ሥርዓት ትክክለኛ ምላሽ ነው፤ በአንቱታ የተጠራ ሰው በአክብሮት መመለስ ይገባዋልና። ሁለተኛዎቹ ወጣቶች ናቸው። የማስታወቂያውን ዜማ እየተቀባበሉ፣ ቃሉን እያጣመሙ ይሳለቁበት ነበር። ሦስተኛው አንድ ልብስ ሰፊ ነው። «ተመራጩ» የሚል ቃል በሰማ ቁጥር ከመኪናው ቀና ሳይል «ማን መረጠው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አራተኛው በጡረታ ላይ የሚገኙ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው አይስቁም፤ አይጠይቁም፤ ያዳምጣሉ።

እኒህ ሰው አንድ የቤት አልሚ ድርጅት «ቤቶችን ሠርቶ በ18 ወር ያስረክባል» ሲል ሰምተው የዕድሜ ቁጠባቸውን ለቅድሚያ ክፍያ አዋሉ። ከ18 ወር በኋላ ቤቱ አልነበረም፤ ዓመታት ካለፉም በኋላ አልነበረም። ጉዳዩን ለወዳጆቻቸው ሲያስረዱ አዘውትረው የሚናገሩት አንድ ዐረፍተ ነገር የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ ከሁሉ ይልቅ ነካው፤ «በቴሌቪዥን ታውጆ እኮ ነው!» ይሉ ነበር። ተሽጦ አላሉም፤ ተብሎም አላሉም፤ ታውጆ አሉ። ሰውየው ሞኝ አልነበሩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ የሚለጠፍበትን ሰሌዳ እያነበቡ የኖሩ፣ በማስታወቂያ የወጣ ነገር ባለቤትና ኃላፊ እንዳለው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ያሳሳታቸው አለማወቅ አይደለም፤ ቃሉን በደንብ ማወቃቸው ነው።

ስሙ በሩን ከከፈተ በኋላ ወደ ውስጥ የሚገባው የሰዋስው ዘዴ ነው። ከዚህ ቀጥሎ አዘውትረው የሚሰሙት አራቱ ይመረመራሉ።

አንደኛ፣ «የተሻለ» የሚለው ቅጽል ነው። በአማርኛ ማነጻጸር «ከ» የሚለውን መስተዋድድ ይፈልጋል፤ አንድ ነገር የሚሻለው ከሌላ ነገር ነው። በማስታወቂያ ግን «የተሻለ ንጽሕና»፣ «የተሻለ ሕይወት» ይባላል፤ ከምን እንደተሻለ አይነገርም። ጎደሎውን ስፍራ ተመልካቹ በራሱ ኑሮ ይሞላዋል፤ ከእኔ ቤት፣ ከእኔ ልብስ፣ ከእኔ ሕይወት የተሻለ ማለት ነው ብሎ ይሰማዋል። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ ስለ ዕቃው ምንም ሳይናገር ተመልካቹን በገዛ ቤቱ ያሳንሰዋል።

ሁለተኛ፣ «ተመራጭ»፣ «ተወዳጅ»፣ «የተመሰከረለት» የሚሉት አድራጊያቸውን የሰወሩ ቃላት ናቸው። በምርጫ ጊዜ ተመራጭ ካለ መራጭ አለ፤ ድምፁም ይቆጠራል። በማስታወቂያ ግን መራጩም ቆጠራውም የለም። የልብስ ሰፊው ጥያቄ ከሂሶች ሁሉ አጭሩና የተሟላው ነበር።

ሦስተኛ፣ «እስከ» እና «ጀምሮ» ናቸው። «እስከ 50 ከመቶ ቅናሽ» የሚለው አባባል የ2 ከመቶ ቅናሽንም ሐሰት አያደርገውም፤ «እስከ» ጣሪያውን እንጂ ወለሉን አይናገርምና። ነገር ግን ጆሮ የሚይዘው ቁጥሩን ነው፤ መስተዋድዱ በድምፅ ለስልሶ ያልፋል። «ከዚህ ዋጋ ጀምሮ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ወለሉን ጮኾ ይነግርና ጣሪያውን ይተዋል።

አራተኛውና ከሁሉ የከበደው «ያስረክባል» የሚለው ግስ ነው። የአማርኛ የትንቢት አንቀጽ የሚባለው ቅርጽ ሁለት ሥራ አለው። «ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች» ሲባል ዘወትር የሚሆነውን ይገልጻል፤ «ነገ ይመጣል» ሲባል ገና የሚሆነውን ይናገራል። እንግዲህ «ቤቶችን በ18 ወር ያስረክባል» ሲባል የጡረተኛው ጆሮ የሰማው የመጀመሪያውን ነው፤ ይህ ድርጅት ልማዱ ነው፣ ሲያስረክብ የኖረ ነው ማለት ነው። ድርጅቱ ሲጠየቅ የያዘው ደግሞ ሁለተኛውን ነው፤ ለማስረከብ አስቦ ነበር፣ ነገር ግን አልሆነም ማለት ነው። ሁለቱም በሰዋስው አልተሳሳቱም። ሆኖም አማርኛ ነገሩን ለመለየት የሚያስችል መሣሪያ አላጣም። «አስረክቧል»፣ «ለማስረከብ ውል ይገባል»፣ «ለማስረከብ አቅዷል» የሚሉት ቅርጾች ያለውን፣ የሚያስጠይቀውንና የታሰበውን ለያይተው ያሳያሉ። ማስታወቂያ ጸሐፊው ከእነዚህ ሁሉ አሻሚውን መምረጡ በቋንቋ ድህነት ሊመካኝ አይችልም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ቢያንስ ላሟ በሰማይ መሆኗን አይደብቅም።

በባዕድ ቃላት ላይም ተመሳሳይ መመዘኛ መያዝ ይገባል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ባዕድ ቃል ሁሉ ይወገድ ከሚሉት ወገን አይደለም፤ ካዛንቺስ ምስክር ነው። ልዩነቱ ሕዝብ ነገሩን አውቆ ስሙን በመዋሱና ነጋዴ ነገሩ እንዳይታወቅ ስሙን በመዋሱ መካከል ነው። «ሪል ስቴት» ሲባል ቤት ሻጭ ነው? ሠሪ ነው? ወይስ ገንዘብ ሰብሳቢ? ቃሉ አይመልስም። «ፕሪሚየም» የሚባል ውሃ ከሌላው ውሃ በምን ይለያል? «ስፖንሰር» የሆነ ድርጅት ለዝግጅቱ ገንዘብ የከፈለ ነው ወይስ በዝግጅቱ ይዘት ላይ የሚያዝ? ጥያቄውን የሚያስነሣ ቃል ይተርጎም፤ ጥያቄውን የሚመልስ ቃል ይኑር።

ሕጉ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ አድርጓል። ይህ በጎ ነው። ነገር ግን ሕጉ ዕቃውን ከመስኮቱ ሲያወጣ ዐረፍተ ነገሩን አላወጣውም። ከ2011 ዓ.ም. በፊት በቢራ ማስታወቂያ የምንሰማቸው ክብር፣ ባህል፣ አብሮነት የሚሉ ቃላት ዛሬ ከሌላ ዕቃ ጋር ተጣምረው ይሰማሉ። አሳሳች የሚለውም ቃል በሕግ ፊት ክብደት የሚኖረው ተመልካቹ በምን እንደተሳሳተ በቋንቋ ሊያሳይ ሲችል ነው፤ ይህን ማሳየት ደግሞ የቋንቋ ባለሙያ ድርሻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተመልካች ሞኝ አይደለም፤ ይስቃል፣ ይሳለቃል፣ ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ በማስታወቂያ አይታለልም የሚል ነው። እውነት አለበት። ይሁን እንጂ ሳቅ ሙሉ ጋሻ አለመሆኑን በዚያው ሻይ ቤት አይተናል። ዜማውን ሲያጣምሙ ያመሹት ወጣቶች በማግሥቱ ሱቅ ሄደው የጠሩት ያንኑ የዕቃ ስም ነበር፤ የተሳለቁበትን በቃላቸው ይዘውታልና። ከዚህም በላይ የሚስቀው ሰው ትርፉ ሳቅ ሲሆን የሚያምነው ሰው ኪሳራው ቤቱ ነው። የቋንቋ ሥርዓት የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ሦስት አሳቦች ለውይይት ይቀርባሉ። አንደኛ፣ «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲቆም ለይፋ መግለጫ ይተው፤ የነጋዴው ጥሪ ምንጊዜም «የንግድ ማስታወቂያ» ተብሎ በሙሉ ስሙ ይጠራ፣ በመስኮቱም ላይ ይጻፍ። «ማሻሻጫ» የሚል ቃል ሊቀርብ ቢችልም «አሻሻጭ» በመጠጥ ቤት ያገኘው ስም ስለሚጫነው አቅራቢው አልደገፈውም። ሁለተኛ፣ በጽሑፎቻችን የምናየው «አሳማኝ መልእክት» የሚለው አጠራር ይታረም። አሳማኝ ማለት አድማጩ በማስረጃ ተረትቶ አመነ ማለት ነው፤ ክርክሩ ሳይጀመር ፍርዱን ለነጋዴው ይሰጣል። ለሙከራው «አግባቢ መልእክት» ማለት ይሻላል፤ የሚያግባባን ሰው እሺም እምቢም ማለት ይቻላልና። ሦስተኛ፣ «ከ» የሌለው «የተሻለ»፣ መራጭ የሌለው «ተመራጭ» እና ውል የሌለው «ያስረክባል» በመገናኛ ብዙኃን የቋንቋ አርታዒዎች ዘንድ እንደ ሰዋስው ግድፈት ይቆጠሩ።

በመጨረሻም ስለ «ተመልካች» አንድ ቃል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈው ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምራል፤ ነገሩ ለሚነካው፣ ድርሻ ላለው ማለት ነው። የሚያየውና ነገሩ የሚነካው ሰው በአማርኛ ከአንድ ግስ ይወጣሉ። መስኮቱ ፊት የተቀመጠውን ሰው ተመልካች ብለን ከጠራነው የሚነገረው ነገር ይመለከተዋል ማለታችን ነው። የሚመለከተው ሰው ደግሞ «ማን መረጠው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ይገባዋል።