የሎጂስቲክስ ትምህርትና የመተማ ሰሊጥ

በኮሌጆቻችን «የሎጂስቲክስና የአቅርቦት ሰንሰለት አመራር» እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመጋዘንና ከወደብ ነው። የታወቀው ምሳሌም የጃፓኑ ቶዮታ ፋብሪካ ዕቃውን በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ የሚያስመጣበት ዘዴ ነው። ዘዴው ብልኅነት ያለበት መሆኑ አይካድም፤ እኛ የምንነቅፈው፣ ተማሪው ገንዳ ውሃ ሲደርስ ምን ይሠራበታል የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ መታለፉን ነው።

ሰሊጥ ከደረሰ አይጠብቅም፤ የፍሬው ሽፋን ከጫፉ ተከፍቶ ዘሩ ይረግፋል። ስለዚህ ሳይከፈት ታጭዶ፣ ነዶው ቀጥ ብሎ ቆሞ ይደርቃል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መፈጸም ያለበት ሲሆን፣ ብዙው የሚሠራው ከደጋ በወረደ የቀን ሠራተኛ እጅ ነው። እንግዲህ የሰንሰለቱ የፊተኛው ቀለበት ከባድ መኪናው ሳይሆን አጫጁ ነው። አጫጁን ወባ ከጣለው ወይም መንገድ ከተዘጋበት፣ በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘኑን የቱንም ያህል ቢያደራጅ የረገፈውን ዘር አይመልስም። መማሪያው ግን ይህን ሰው የሚያውቀው በወጪ መዝገብ ብቻ ነው።

ስለ ድንበሩም እንዲሁ ነው። ከመተማ በጋላባት አልፎ ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደው መስመር በካርታ ላይ ቀና ይመስላል፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ግን በዚያው በር በብዛት የገባው ስደተኛ ነበር። ለዚያ ሕዝብ ውሃና መድኃኒት ማድረስ ከዚሁ ትምህርት የማይቈጠርበት ምክንያት አይታየንም።

ተማሪዎች በጥቅምት ወር ወደ ቆላው ወርደው አንዱ ኩንታል በስንት እጅ እንዳለፈ ቢመዘግቡ እንመርጣለን፤ የኮሌጁ የጊዜ ሰሌዳ ባይወደውም።