ርዳታ ሰጪ መንግሥት ተቀባዩን በምን ይመርጣል?

ባለጸጋ መንግሥታት ለልማት ርዳታ የመደቡትን ገንዘብ ለድሀ አገር ሁሉ አያዳርሱም፤ ይመርጣሉ። የምርጫውን ምክንያት ከመረመሩት ጽሑፎች መካከል አልቤርቶ አሌሲናና ዴቪድ ዶላር «የውጭ ርዳታን ማን ለማን ይሰጣል? ለምንስ?» በሚል ርእስ በ2000 ያሳተሙት ጥናት በሰፊው የታወቀ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በዚህ ጽሑፍ ከጥናቱ የምንቀበለውንና ጐደለ የምንለውን ለአንባቢ እናቀርባለን።

ደራሲዎቹ የደረሱበት ውጤት ይህ ነው። የርዳታን አቅጣጫ የሚወስነው የተቀባዩ ችግርና የአስተዳደሩ መልካምነት ብቻ አይደለም፤ የቅኝ ግዛት ታሪክና የፖለቲካ ወዳጅነትም የዚያኑ ያህል ይመዝናሉ። በድህነት እኩል ከሆኑ ሁለት አገሮች መካከል፣ ዲሞክራሲ ባይኖረውም ከቀድሞ ገዢው ጋራ የተወዳጀው፣ አስተዳደሩ ከተሻለው ነገር ግን ቅኝ ካልተገዛው የበለጠ ያገኛል። ሰጪዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የስካንዲናቪያ መንግሥታት ከሌሎቹ ይልቅ ለድሀው ያደላሉ። ይህን ሁሉ በግምት ሳይሆን በቍጥር ማሳየታቸው የሚያስመሰግን ነው።

ይሁን እንጂ ሰንጠረዡ ርዳታው ወዴት እንዳደላ ሲነግረን፣ ተቀባዩ በመጀመሪያ በየትኛው በር እንደገባ አይነግረንም። ስዊድንን እንመልከት። ኢትዮጵያ የስዊድን ቅኝ ግዛት አልነበረችም፤ የጦር ቃል ኪዳንም አልነበራቸውም። ሆኖም ኢትዮጵያ ከስዊድን የልማት ርዳታ የመጀመሪያ ተቀባዮች አንዷ ሆነች። በ1954 በአዲስ አበባ የሕንፃ ኮሌጅ ተቋቋመ፤ በ1967 ደግሞ በአርሲ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ጀመረ። ምክንያቱ ድህነት ብቻ ነው እንዳንል፣ የዚያን ጊዜ ድሀ አገር ብዙ ነበር። የስዊድን ሚሲዮናውያን ግን ገና በ1866 ምጽዋ ደርሰዋል፤ ከጣሊያን ወረራ በፊትም የስዊድን መኰንኖች በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት አስተምረዋል። እንግዲህ ድህነት አገሪቱን ለርዳታ የተገባች ቢያደርጋት፣ ያስመረጣት ግን ትውውቅ ጭምር ነው። በጥናቱ ሰንጠረዥ ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ ትውውቅ የተከፈተ ዓምድ የለም።

ሁለተኛው ጕድለት ስለ መውጫው ነው። አሜሪካም ኢትዮጵያን በ1950ዎቹ መጀመሪያ በ«ፖይንት ፎር» መርሐ ግብር መርጣ ነበር፤ የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ከዚያ ርዳታ የተገኘ ነው። በ1953 ደግሞ ስለ አሥመራው የቃኘው ጣቢያ ውል ተፈረመ። ከአብዮቱ በኋላ ወዳጅነቱ ሲፈርስ ጣቢያው በ1977 ተዘጋ፤ የልማት ርዳታውም ብዙ ሳይቈይ ቆመ። በ1984 እና በ1985 ረሀብ ጊዜ ከአሜሪካ ብዙ እህል መጣ፤ ነገር ግን ለተራበው የሚሆን እህል መስጠትና ገበሬው ዳግመኛ እንዳይራብ በእርሻው ላይ መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስዊድን ግን መንግሥት ከተለወጠም በኋላ በአርሲ የጀመረችውን ሥራ አልተወችም። በ2007 ስዊድን ሰባ ያህል የነበሩትን ተቀባይ አገሮች ወደ 33 ለማውረድ ስትወስንም ኢትዮጵያ ከቀሩት መካከል ነበረች። የአንዲቱ አገር ድህነት ያው ሆኖ ሳለ አንዱ ሰጪ ሲወጣ ሌላው ቈየ። ይህንም የተቀባዩ ችግር ብቻ አያስረዳውም፤ የገቡበት በር መውጫቸውንም የወሰነው ይመስለናል። ለጣቢያ የገባ ጣቢያው ሲዘጋ ይወጣል፤ ከሰውና ከሥራ ጋራ የተላመደ ግን እንዲያ በቀላሉ አይለቅም።

እርግጥ ትውውቅም ፍትሕ አይደለም። ሚሲዮናዊም ሆነ መኰንን ያልደረሰበት ድሀ አገር ችግሩ ቢከፋም ስሙን የሚያነሣለት የለም። ስለዚህ መንግሥታት ተቀባዩን የሚመርጡበትን ብቻ ሳይሆን የሚተዉበትንም ሕግ አስቀድመው ቢያስታውቁ ተገቢ ነው እንላለን። ኮሌጅ በአራት ዓመት አይቆምም፤ መሬትም በአንድ በጀት አይለማም። ይህን ጉዳይ ለሚያጠኑ ጓደኞቻችንም የምናሳስበው፣ የተሰጠውን ገንዘብ ከመደመራቸው በፊት እያንዳንዱ ሰጪ መቼ እንደገባ፣ በማን አማካይነት እንደገባና ለምን እንደወጣ እንዲመዘግቡ ነው።