ከመርማሪው ቀድሞ ማየት፦ የ‹ሼርሎክ› የመጀመሪያ ክፍል እና የአድናቂዎቹ ደስታ

ጁላይ በእንግሊዝ ለቴሌቪዥን የቀዘቀዘ ወር ነው። ሰው ለዕረፍት ይወጣል፤ ጀንበር ዘግይታ ትጠልቃለች፤ ጣቢያዎችም ትልልቅ ሥራዎቻቸውን ለመጸውና ለክረምት ያቆያሉ። ቢቢሲ ዋን ግን እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2010፣ እሑድ ምሽት፣ ‹ሼርሎክ› የተባለውን አዲስ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል አስተላለፈ። በዚያው ምሽት 7.5 ሚሊዮን ያህል ሰው አየው፤ ቀድተው ያቆዩት ሲደመሩ ቁጥሩ ከ9 ሚሊዮን አለፈ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሦስት ክፍል ብቻ ነበረው። ኦገስት 8 ላይ ሲያበቃ ተመልካቹ ቀጣዩን ለማየት እስከ 2012 መባቻ መጠበቅ ግድ ሆነበት፤ በመሐሉ ግን የአድናቂው ክርክር አልበረደም።

የድራማው ፈጣሪዎች ስቲቨን ሞፋት እና ማርክ ጋቲስ ናቸው። ሁለቱም ‹ዶክተር ሁ› ለተባለው የቢቢሲ ድራማ ሲጽፉ በለንደንና በካርዲፍ መካከል በባቡር ይመላለሱ ነበር። የአርተር ኮናን ዶይልን መርማሪ ሼርሎክ ሆምስን ወደ ዛሬዋ ለንደን የማምጣቱ ሐሳብ የበሰለውም በዚያ መንገድ ላይ ነው። ሐሳቡ ራሱ አዲስ አልነበረም። ባሲል ራዝቦን በ1940ዎቹ በተወነባቸው ፊልሞች ሆምስ በዘመኑ ለንደን ከናዚ ሰላዮች ጋር ይፋለም ነበር፤ ጸሐፊዎቹም ለእነዚያ ፊልሞች ያላቸውን ፍቅር አልደበቁም። ስለዚህ የጥንቱ መርማሪ ሞባይል መያዙ ብቻውን የተመልካቹን ደስታ አያስረዳም። ሼርሎክን የሚጫወተው የቤኔዲክት ከምበርባች ትወና ድንቅ ነው፤ እሱም ቢሆን ሙሉ መልስ አይሰጥም።

የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። የመጀመሪያው ክፍል አድናቂ ያፈራው ብልህ ሰው ስላሳየ ሳይሆን ተመልካቹ ራሱ ብልህ የሚሆንበትን ቦታ ስላዘጋጀለት ነው። በወሳኝ ቦታዎች ላይ ተመልካቹ ከሼርሎክ ቀድሞ ያያል።

ለዚህ ከቲቪ ታሪክ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ማስረጃ አለ፤ ይኸው ታሪክ ሁለት ጊዜ ተቀርጿል። በ2009 ኮኪ ጌድሮይች ያዘጋጀችው የ60 ደቂቃ የሙከራ ክፍል ተሠርቶ ነበር። ቢቢሲ ሥራውን ከተመለከተ በኋላ 90 ደቂቃ የሚረዝሙ ሦስት ክፍሎችን አዘዘ፤ የሙከራው ክፍልም ሳይተላለፍ ቀረ። ሞፋት ታሪኩን እንደገና ጻፈው፤ ፖል ማክጊጋን በአዲስ መልክ አዘጋጀው። ተዋናዮቹ በአብዛኛው ያው ናቸው፤ ነፍሰ ገዳዩም ያው የታክሲ ሹፌር ነው። ልዩነቱ ያለው ማን፣ መቼ፣ ምን ያውቃል በሚለው ላይ ነው።

በሙከራው ክፍል ሼርሎክ ከጓደኛው ከዋትሰን ጋር ምግብ ቤት ተቀምጦ መንገዱን ይቃኛል። ውጭ የቆመች ታክሲ ተሳፋሪ አልጭንም ስትል ያያል፤ ወዲያው ይገባዋል። ሰካራም መስሎ ወጥቶ ሹፌሩን ይጋፈጣል። ተመልካቹ የሚያደርገው መርማሪው ሲያስብ መመልከት ብቻ ነው። በተላለፈው ክፍል ግን ሼርሎክና ዋትሰን ታክሲዋን በጣሪያና በጓሮ መንገድ አሳደው ያስቆሟታል። ሼርሎክ በሩን ከፍቶ ኋላ የተቀመጠውን ሰው ይመረምራል። ጥርሱንና የፊቱን ጠይም ቃጠሎ አይቶ ከካሊፎርኒያ ገና የገባ እንግዳ መሆኑን ያውቃል፤ ተሳስቻለሁ ብሎም ይመለሳል። መሪውን የያዘውን ሰው ቀና ብሎ እንኳ አያየውም። ቀደም ሲል የማናውቀውን የምናምነው ማንን ነው፣ በሕዝብ መሐል ሳይታይ የሚያድነው ማን ነው እያለ የጠየቀው እሱ ራሱ ነው። መልሱ ክንዱ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጦ ነበር።

በዚህ ጊዜ ንቁ ተመልካች ወንበሩ ላይ መቀመጥ ያቅተዋል። መልሱን ይዟል፤ ሼርሎክ ግን ገና አልያዘውም። ጥሩ እንቆቅልሽ የሚጣፍጠው ‹አገር ስጠኝ› ሲባል ሳይሆን መላሹ በራሱ ሲደርስበት ነው፤ ይህ ክፍልም የተሠራው በዚያ ሕግ ነው። መረጃው ሁሉ ፊት ለፊት ተዘርግቷል፤ የተደበቀ ካርታ የለም። ከዚያ በኋላ ሹፌሩ ራሱ እስከ ሼርሎክ ቤት፣ እስከ ቤከር ስትሪት ደጃፍ ሲመጣና ሮዝ ለብሳ የሞተችው ሴት ስልክ ያለበት ቦታ እዚያው ቤት ውስጥ ሆኖ ሲታይ፣ ተመልካቹ የመርማሪውን መንቃት እየጠበቀ ይጨነቃል። የሁለተኛው ጽሑፍ ትልቁ እርምት የግኝቱን ቅጽበት ከጀግናው ወስዶ ለተመልካቹ መስጠቱ ነው።

የክፍሉ መጨረሻም ይህንኑ ይደግማል። ሹፌሩ በመስኮት በኩል በተተኮሰ ጥይት ይወድቃል። ሼርሎክ ለኢንስፔክተር ሌስትሬድ የተኳሹን ማንነት መዘርዘር ይጀምራል፦ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ውጊያ የለመደ፣ ጽኑ ሥነ ምግባር ያለው። ከፖሊሱ መስመር ማዶ የቆመውን ዋትሰንን ያያል፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ የተናገረውን ሁሉ ይሽራል። ተመልካቹ ግን ዋትሰን በማዶው ሕንፃ መስኮት ላይ እንደነበር ቀድሞ ያውቃል። የሁለቱ ሰዎች ወዳጅነት የታሰረበት ምስጢር ሦስተኛ ባለቤት አለው፤ እሱም ተመልካቹ ነው።

ከማክጊጋን ፈጠራዎች በጣም የተወራለት በስክሪኑ ላይ የሚንሳፈፈው ጽሑፍ ነው። ከዚያ በፊት አብዛኞቹ ድራማዎች የስልክ መልእክት ለማሳየት ካሜራውን ወደ ስልኩ ያስጠጉ ነበር። እዚህ ግን ሌስትሬድ መግለጫ ሲሰጥ ‹ስህተት› የምትለው ቃል በጋዜጠኞቹ ስልኮች ዙሪያ በአንድ ጊዜ ብቅ ትላለች። ዘዴው መጀመሪያ የተወለደው ሦስተኛው ክፍል ሲቀረጽ ነው፤ ከሦስቱ ቀድሞ የተቀረጸው እሱ ነበርና። ሞፋት ዘዴውን ሲያይ በመጀመሪያው ክፍል ጽሑፍ ውስጥ አስገባው። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ሮዝ ለብሳ በሞተችው ሴት አስከሬን አጠገብ ነው። የኮቷ እርጥበት፣ የጃንጥላዋ ድርቀት፣ ውጩ የጠቆረው ውስጡ ግን የጠራው የጋብቻ ቀለበት በየተራ በቃል ይሰየማሉ። ከቃላቱ ወደ ድምዳሜው ያለው ርቀት ግን ለተወሰኑ ሰከንዶች ባዶ ይተዋል። በዚያ ባዶ ቦታ ተመልካቹ ይሠራል።

መጽሐፎቹን ለሚያውቁ ሰዎች ደግሞ ሌላ ወንበር ተዘጋጅቷል። የክፍሉ ርዕስ በ1887 ከወጣው የመጀመሪያው የሆምስ ልቦለድ ርዕስ ላይ ደማቅ ቀዩን አንሥቶ ሮዝ ይተካል። በልቦለዱ ውስጥ ግድግዳ ላይ በደም የተጻፈ ቃል አለ። ሌስትሬድ ‹ሬቸል› የሚል የሴት ስም ሳያልቅ የተቋረጠ ይመስለዋል፤ ሆምስ ግን በጀርመንኛ በቀል ማለት ነው ብሎ ያርመዋል። በድራማው ሟቿ ያንኑ ቃል ወለሉን በጥፍሯ ቧጥጣ ጽፋዋለች። የጀርመንኛውን ፍቺ የሚያመጣው የፎረንሲክ ባለሙያው አንደርሰን ነው፤ ሼርሎክም በሩን ፊቱ ላይ ይዘጋበታል። ትክክለኛው መልስ ሬቸል ነው፤ ሞታ የተወለደች ልጇ ስም፣ የስልኳም መከታተያ የይለፍ ቃል። መጽሐፉን በቃሉ የያዘው አንባቢ ለአፍታ ከአንደርሰን ጋር ተሳሳተ ማለት ነው። ዕውቀቱ አላዳነውም፤ ይህም እንደማንኛውም ሰው ነቅቶ እንዲመለከት አስገደደው።

እንዲህ ያሉ መገልበጦች ክፍሉን ሞልተውታል። በ1890 በወጣው ሁለተኛው ልቦለድ ሆምስ በዋትሰን የኪስ ሰዓት ላይ ያሉ ጭረቶችን አይቶ የሰዓቱ የቀድሞ ባለቤት፣ ታላቅ ወንድሙ፣ ጠጪ እንደነበር ይናገራል። በድራማው ሰዓቱ ሞባይል ሆኗል፤ ጭረቶቹ በቻርጀሩ መሰኪያ ዙሪያ ናቸው፤ የተቀረጸው ስም ሃሪ ነው። ሼርሎክ ሁሉንም በትክክል ካስቀመጠ በኋላ አንዱን ይስታል። ሃሪ ወንድም ሳይሆን ሃሪየት የተባለች እህት ናት። ከሟቾቹ አንዱ ጃንጥላ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚጠፋው ወጣት ጄምስ ፊሊሞር ነው፤ ኮናን ዶይል በ1922 ታሪኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሶት ያለፈው፣ ጃንጥላ ላምጣ ብሎ የገባው ሰው ስም ይኸው ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ይህ ጸሐፊ ከፍ የሚያደርገው የዋትሰንን ቁስል ነው። ኮናን ዶይል በመጀመሪያው ልቦለድ ዋትሰን አፍጋኒስታን ውስጥ ትከሻው ላይ ተመታ አለ፤ በሁለተኛው ጥይቱን እግሩ ውስጥ አገኘው። አንባቢዎች በዚህ ቅራኔ ከመቶ ዓመት በላይ ተጨቃጭቀዋል። ድራማው ሁለቱንም እውነት ያደርጋቸዋል፦ የቆሰለው ትከሻው ነው፤ የሚያነክሰው ደግሞ እግሩ ታሞ ሳይሆን አእምሮው ነው። ታክሲዋን ለማሳደድ ሲሮጥ ምርኩዙን ምግብ ቤት ረስቶት ይሄዳል። ልብ ያለ ተመልካች ይህንንም ቢሆን ዋትሰን ራሱ ሳያውቀው ያስተውላል። የድሮ አንባቢዎች የቆየ ጭቅጭቅ እዚህ የአንድ ሰው የመዳን ታሪክ ሆነ። ማርቲን ፍሪማን ይህን ያለ ብዙ ቃል ተውኖታል፤ በ2011 የባፍታን የምርጥ ረዳት ተዋናይ ሽልማት ሲወስድ ድራማውም የምርጥ ተከታታይ ድራማ ሽልማት አግኝቷል።

ማይክሮፍትም አንድ ቃል ይገባዋል። ስሙን የማይናገር ባለ ጃንጥላ ሰው ዋትሰንን ባዶ መጋዘን አስመጥቶ የሼርሎክ ቀንደኛ ጠላት እኔ ነኝ ሲል፣ መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ የሆምስ ጠላት ሞሪያርቲ ነው ብሎ ይደመድማል። ሰውየው ግን የሼርሎክ ታላቅ ወንድም ማይክሮፍት ነው፤ የተጫወተውም ጋቲስ ራሱ ነው። በኮናን ዶይል ማይክሮፍት ወፍራም በመሆኑ ቀጭኑን ጋቲስን ማንም አልጠረጠረም። ይህ ገጸ ባሕርይ በሙከራው ክፍል ውስጥ አልነበረም።

የሆምስ አድናቂ ድሮም ሠራተኛ አድናቂ ነው። ኮናን ዶይል በዲሴምበር 1893 ገጸ ባሕርዩን ሲገድለው ታሪኮቹን ያትም የነበረው ‹ስትራንድ› መጽሔት ከ20,000 በላይ ደንበኞች እንዳጣ ይነገራል። በ1911 ሮናልድ ኖክስ የሆምስን ታሪኮች እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ሊቃውንት እየመረመረ፣ ቅራኔዎቻቸውን እየቆጠረ ጥናት አቀረበ። በ1934 ክሪስቶፈር ሞርሊ ኒውዮርክ ውስጥ የአድናቂዎች ማኅበር መሠረተ። እነዚህ ሰዎች ሆምስና ዋትሰን በእርግጥ ኖረዋል ብለው ተስማምተው ማስረጃ ማመሳከሩን ‹ታላቁ ጨዋታ› ይሉታል። የድራማው ሦስተኛ ክፍል ርዕስም ይኸው ነው። ሞፋትና ጋቲስ ከዚያ ማኅበረሰብ የወጡ አንባቢዎች በመሆናቸው አድናቂው የት እንደሚያነፈንፍ ያውቁ ነበር። አሜሪካዊው የቴሌቪዥን ተመራማሪ ጄሰን ሚተል የዘመኑን ውስብስብ ድራማ የሚከታተል ሰው እንደ ፎረንሲክ መርማሪ ከገጽታው በታች እየቆፈረ ይመለከታል ይላል። በ‹ሼርሎክ› የመጀመሪያ ክፍል ይህ አተያይና የታሪኩ ርዕሰ ጉዳይ አንድ ሆነዋል። የሚታየውም የሚደረገውም ምርመራ ነው።

ክፍሉ እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። ሴቶቹ ዳር ላይ ናቸው። የአስከሬን ክፍል ባለሙያዋ ሞሊ ቡና ታመጣለች፤ የቤቱ አከራይ ወይዘሮ ሃድሰን ሻይ ታቀርባለች፤ ሳጅን ዶኖቫን ደግሞ የግል ሕይወቷ በባልደረቦቿ ፊት እንዲገለጥ ብቻ የተጻፈች ትመስላለች። ለተመልካቹ ይህን ያህል ክብር የሰጠ ጽሑፍ ለገዛ ገጸ ባሕርያቱ ቆጥቧል።

ከዚህ የከፋው ኋላ የመጣው ነው። በጃንዋሪ 2012 ሼርሎክ ከሆስፒታል ጣሪያ ሲወድቅ አድናቂዎች ለሁለት ዓመት ያህል እንዴት ሊተርፍ እንደሚችል በምስል በምስል መረመሩ። በጃንዋሪ 2014 የተላለፈው ክፍል መላ ምቶቻቸውን ራሳቸውን የተረት ክፍል አድርጎ አቀረበ፤ የቀረበው መፍትሔም እውነተኛው ስለመሆኑ ጥርጣሬ ትቶ አለፈ። በ2017 ደግሞ የምስጢሩ ሁሉ ቁልፍ ተመልካቹ ቀድሞ ሊደርስበት በማይችለው፣ በመጽሐፉም በሌለ የተሰወረ እህት ላይ ተንጠለጠለ። ድራማው ተመልካቹን መቅደም ግቡ ሲያደርግ፣ በመጀመሪያው ምሽት ለተመልካቹ የሰጠውን ወንበር መልሶ ወሰደበት። የመጨረሻው ምዕራፍ ያስከተለው ቅሬታ ከዚህ የመነጨ ነው፤ አድናቂዎቹ አብረው ሲሠሩ የኖሩትን ሥራ ተነጠቁ።

ስለዚህ ከአራቱ ምዕራፎች ሁሉ ለዚህ ዳሰሳ ሚዛን የሚደፋው የመጀመሪያው ክፍል ነው። ያልተላለፈው የሙከራ ሥራ በ2010 ከወጣው ዲቪዲ ጋር አብሮ ቀርቧል። አዲስ ድራማ የሚጽፍም፣ የሚያዘጋጅም፣ የሚተችም ሰው መጀመሪያ የ60 ደቂቃውን፣ ቀጥሎ የ90 ደቂቃውን ይመልከት። የታክሲዋን ትዕይንት በሁለቱም ላይ ያስተያይ፤ የተጨመረው ግማሽ ሰዓት ለማን እንደተሰጠ በራሱ ዓይን ያያል።