ረቂቅ፣ ሁለት ጊዜ

ገና ያልጸደቀ አዋጅ ረቂቅ ነው። ሰውም ዛፍም የማይለይበት ሥዕልም ረቂቅ ነው። ዓይን ለመያዝ የሚቸገርበት ስስ ነገርም እንዲሁ። አማርኛ ሦስቱን በአንድ ቃል ሲጠራ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሸራዎች የሚጽፍ ሐያሲ ሁለተኛውን ትርጉም ይዞ ሌሎቹን ሊረሳ ይችላል እንጂ። በሜልበርን የጂኦሜትሪ ሥዕል ታሪክ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ትርጉም ሁለተኛውን የተፈታተነበት አጋጣሚ አለ።

የቪክቶሪያ ብሔራዊ ጋለሪ በሴንት ኪልዳ መንገድ ያሠራውን አዲስ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1968 ሲከፍት ያቀረበው «ዘ ፊልድ» የተባለ ዐውደ ርዕይ ነበር። አርባ ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች፣ 74 ሥራዎች፣ በብርማ ፎይል የተሸፈነ ግድግዳ። አብዛኞቹ ሥዕሎች ጠርዛቸው በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። እንዲህ ያለ ሥዕል በተለምዶ ከትንሽ ንድፍ ይነሳል። ማዕዘኑ፣ ስፋቱ፣ የቀለሙ ቦታ ወረቀት ላይ ይወሰናል፤ ንድፉ በካሬ ተከፋፍሎ ወደ ሸራ ያድጋል፤ ጠርዙ በወረቀት ፕላስተር ይታሸጋል፣ ይቀባል፣ ፕላስተሩ ይላጣል። የብሩሽ ዱካ እንዳይታይ ይደከማል። ሐሳቡ ወረቀቱ ላይ ካለቀ ታዲያ ሸራው ምን ቀረው? የጸደቀ ረቂቅ ከማስፈጸም ሌላ ሥራ አለው?

ጥያቄው እንደ ፍልስፍና ጨዋታ ሊቆይ ይችል ነበር። ጋለሪው በ2018 ዐውደ ርዕዩን መልሶ ሲያዘጋጅ ግን ከሥራዎቹ ጥቂቶቹ ጠፍተው ተገኙ። ሊገኙ ላልቻሉት በልካቸው ግራጫ ምስል ተሰቀለ። ከአርባዎቹ መካከል ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ጃኔት ዶውሰን፣ ዌንዲ ፓራሞርና ኖርማና ዋይት። ከሦስቱ የዋይት ትልቅ ሥዕል ከጠፉት አንዱ ነበርና ሠዓሊዋ በ2017 እንደገና ሠራችው።

ሥዕሉ በንድፉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አለ የሚል ሰው ይህን እንደ ድል ይቆጥረዋል። ልኩ ይታወቃል፣ ቅርጹ ይታወቃል፣ እጇም ያው የራሷ እጅ ነው። ነገር ግን አዲሱ ሸራ ከጎረቤቶቹ በሃምሳ ዓመት ያነሰ ነው። የ1968 ቀለም ብርሃን ጠጥቷል፣ ተጓጉዟል፣ ተቧጭሯል፤ የእርሷ ግን ገና ትኩስ ነው። ንድፍ ዕድሜን አይመዘግብም። ዋይት መልሳ መሥራቷ ተገቢ ነበር፤ አለዚያ ከሦስት ሴቶች የአንዷ ቦታ በግራጫ ምትክ ይያዝ ነበር። ሆኖም በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሥዕሎች አሉ ማለት ይሻላል፣ አንደኛው የሌለ።

ተቃራኒውን ማስረጃ ያቀረበው ሮበርት ሃንተር (1947–2014) ነው። «ዘ ፊልድ» ላይ ነጭ ሥዕሎቹን ሲያሳይ የ21 ዓመት ወጣት ነበር። በኋላ ለአሠርት ዓመታት የሠራው አራት በስምንት ጫማ በሆነ ተራ ኮምፔንሳቶ ላይ፣ በግድግዳ ቀለምና በሩሎ፣ ነጭ በነጭ ላይ እየደራረበ ነው። ፕላስተር ይለጥፋል፣ ቀለም ያንከባልላል፣ ይልጣል፣ እንደገና ይለጥፋል። ንድፉ አልቆ የሚተው ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ የፕላስተር መስመር ቀጥሎ ለሚመጣው ንብርብር ረቂቅ ይሆናል፣ ሲላጥም ጠርዙ ላይ ስስ ዱካ ይተዋል።

ይህን ለማየት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ መሄድ የለበትም። ቁም ጸሐፊ ብራናውን በወስፌ ይወጋል፣ ያለ ቀለም ያሰምራል፣ ከዚያ ይጽፋል። መስመሩ አይፋቅም። መጽሐፉን ወደ መስኮት ያዘነበለ ሰው ከፊደሉ ጀርባ ጎድጓዳውን መስመር ያየዋል፣ ፊደሉን ብቻ የሚያነብ ግን አያየውም።

የሃንተር ሰሌዳ ፊትም ተመልካቹ ትንሽ መቆም፣ ጎንበስ ማለት፣ ወደ ጎን መሄድ አለበት። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ አንዱ ነጭ ከሌላው ይቀዘቅዛል፣ አንድ ሰያፍ መስመር ብቅ ይላል፣ ብርሃኑ ሲለወጥ ይጠፋል። «ረቂቅ» ሦስተኛ ትርጉሙን የሚያገኘው እዚህ ነው። ሥራዎቹ በዚያው በ2018፣ በዚያው ጋለሪ፣ ከታደሰው «ዘ ፊልድ» ጎን ለጎን በሰፊው ታይተው ነበር። ከእነዚህ ሰሌዳዎች አንዱ ቢጠፋ በልኩ ግራጫ ምስል መስቀል እንኳ ያስቸግራል፤ ፎቶ ሲነሳ ባዶ ሰሌዳ ሊመስል ምንም አይቀረውም።