አልነጋም

አምቦ፣ እኛ ሰፈር፣ ኩኩሉ የሚጀመረው ከ12 ሰዓት በኋላ ነበር። ፈላጊው ግንባሩን ባሕር ዛፍ ላይ ደፍቶ ዓይኑን በክንዱ ይሸፍናል። እንደ ዶሮ ይጮኻል፦ «ኩኩሉ!» የሚደበቁት «አልነጋም!» ይሉታል። ይደግማል፤ ይደግሙለታል። ሁሉም ቦታውን ሲይዝ አንዱ «ነጋ!» ይላል። ያኔ ዓይኑ ይገለጣል።

አሠራሩን ልብ ብላችሁ እዩት። የሚጮኸው ዶሮ ነው፤ የሚያነጋው ግን ዶሮው አይደለም። ሌሊቱ የፈላጊው ጭፍን ዓይን ነው፤ የሌሊቱ ርዝመት ደግሞ በተደባቂዎቹ እጅ ነው። እስከ መቶ ቁጠር ቢባል እግረ ቀጭኑ ይጠቀማል፣ ትንሿ እህት መንገድ ላይ ትቀራለች። እዚህ ጊዜው እንደ ልጁ እግር ይረዝማል፣ ያጥራል።

ይህ ጊዜ በነፃ አይገኝም። «አልነጋም» ለማለት አፍ መክፈት ያስፈልጋል፤ የፈላጊው ዓይን ቢጨፈንም ጆሮው ክፍት ነው። የመጀመሪያው መልስ ከአንድ ቦታ፣ ተደባልቆ ይመጣል። ሁለተኛው ይበተናል። በሦስተኛው ሁለት ድምፅ ብቻ ይቀራል፤ ብልህ ፈላጊ የትኛው ከኮባው በኩል፣ የትኛው ከማድ ቤቱ ጀርባ እንደመጣ ይይዛል። ጊዜ የጨመረ ሁሉ ቦታውን በዚያው ልክ ይሸጣል። ጎበዝ ተደባቂ ስለዚህ ወደ አጥሩ በር ሮጦ እዚያ ይጮኽና ጫማውን በእጁ ይዞ ወደ ጓሮ ይመለሳል። ድምፁን በር ላይ ትቶ ገላውን ጓሮ ያስገባል።

ይህን ሁሉ የልጅ ጩኸት ነው ብዬ ትቼው ኖሬያለሁ። እንደ ደንብ እንዳየው ያደረገኝ ሌላ ጨዋታ ነው፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፣ ይዳኛል። የሚያጠራጥረውን 20 ገጽ ያለው ዳይስ ይቆርጠዋል። በዚህ ጨዋታ ማንም በአካል አይደበቅም። ተደበቀ የተባለው ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል። ጨለማውን፣ ግድግዳውን፣ ኮሽታውን ሁሉ መሥራት ያለበት የደንቡ ጽሑፍ ነው። ሥራው ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

በ1978 የወጣው የጨዋታው መጽሐፍ ጉዳዩን በመቶኛ ዘጋው፦ ጀማሪ ሌባ ጥላ ውስጥ ለመደበቅ ከመቶ 10 ዕድል አለው። ማን እየፈለገው እንደሆነ ቁጥሩ አይጠይቅም። እንቅልፋሙ ዘበኛም ንቁው ዘበኛም ያው 10 ነው። በ2014ቱ እትም ይህ ተቃንቷል። ተደባቂው ዳይስ ጥሎ ቅልጥፍናውን ይደምራል። በንቃት ያልፈለገ ሰው እንኳ ዝም ብሎ የሚቆጠርለት ልክ አለው፤ 10 ሲደመር የማስተዋል ችሎታው። ይህችን 10 እወዳታለሁ። በሩ ላይ ቆሞ ሌላ ነገር የሚያስብ ሰው ጆሮ ምን ያህል እንደሚሰማ በአንድ ቁጥር ትናገራለች፤ መሪውም ዳይስ ሳይጥል፣ ተጫዋቹን ሳያስጠነቅቅ፣ በልቡ ያወዳድራል።

የ2024ቱ እትም ደግሞ መግቢያውን አጠበበው። መጀመሪያ ድቅድቅ ጨለማ ወይም ቢያንስ የገላህን ሦስት አራተኛ የሚሸፍን ነገር ያስፈልጋል፤ ከጠላት ዓይን መስመርም መውጣት አለብህ። ከዚያ 15 መድረስ አለብህ። ምንም ተጨማሪ ከሌለህ ከ20 ገጾች 6ቱ ያሳልፉሃል፤ 5 ተጨማሪ ካለህ 11ዱ። ካለፍክ «የማይታይ» ትባላለህ፤ ያገኘኸው ድምር ደግሞ ፈላጊው ሊደርስበት የሚገባ ቁጥር ይሆናል። ከሹክሹክታ ያለፈ ድምፅ ካሰማህ፣ ለማጥቃት ዳይስ ከጣልክ፣ ቃል የሚጠይቅ ድግምት ከደገምክ ወይም ጠላት ካገኘህ ያበቃል።

መጋጠሚያው የሚላቀቀው የመጨረሻዋ ሁኔታ ላይ ነው። «ካገኘህ» ማለት ምንድን ነው? ተደባቂው ከግድግዳው ጀርባ ወጥቶ በብርሃን መካከል ቢሄድ፣ ደንቡን ቃል በቃል ያነበበ ተጫዋች «ማንም ዳይስ ጥሎ አላገኘኝም፤ አሁንም አልታይም» ይላል። ሌላው «ዓይኑ ፊት ቆመህ ምን ፍለጋ ያስፈልጋል?» ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። መግቢያው መሸፈኛ ከጠየቀ መቆያውም መጠየቅ አለበት፤ በሩን በቁልፍ ከፍተህ ቤቱ ግድግዳ የለውም ማለት አይሆንም። ጽሑፉ ግን ይህን በግልጽ አልጻፈም።

ኩኩሉ እዚህ ላይ የማያወላውል ብሎን አለው፦ ማየት ብቻውን አይበቃም፣ ስም መጥራት አለብህ። እናቴ ትንሽ ሱቅ ነበራት፤ ከሱቁ ጀርባ የአምቦ ውሃ ሳጥኖች ተደርድረው ያድራሉ። ሳጥኑ ጎኑ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። በቀዳዳው ትመለከታለህ፤ ፈላጊውም በዚያው ቀዳዳ ቁራጭ ሹራብ፣ ቁራጭ ክርን ያያል። ሰው እንዳለ አወቀ፤ ማን እንደሆነ ግን አላወቀም። ከጓደኛዬ ጋር ሹራብ የምንለዋወጠው ለዚህ ነበር። የሱን ስም ሲጠራ እኔ ብቅ እላለሁ፤ ጥሪው ይፈርሳል፣ እንደገና ይጨፍናል። መታየትና መታወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አንድ ሹራብ ይለያል። የሳጥኑ ክፋት ሌላ ነው፦ ጉልበትህ ከነካው ባዶ ጠርሙሶቹ ይንቃጨላሉ።

ብርሃኑም የራሱ ልክ ነበረው። አምቦ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። የ2024ቱ ደንብ ድንግዝግዝን ብቻውን ለመደበቂያ አይቀበልም። ለሚንቀሳቀስ ሰው ትክክል ነው። ግራጫ ሹራብ ለብሶ ማገዶ ክምር አጠገብ ሳይንቀሳቀስ ለተቀመጠ ልጅ ግን፣ እመኑኝ፣ ያ ድንግዝግዝ ይበቃዋል። ኮባ ሥር ለገባ ደግሞ ጨለማውም አያድነውም። ግንዱ ላይ የተንጠለጠለው ደረቅ ቅጠል ትከሻ በነካው ቁጥር ኮሽ ይላል። የጤፍ ጭድ ክምር ድምፁ ያንሳል፤ ግን ያሳክካል፣ ያስነጥሳል።

ከሹክሹክታ ያለፈ ድምፅ መደበቅን ያፈርሳል የሚለው የ2024 መስመር ኩኩሉ ውስጥ የለም። ሳንጽፈው ግን እንሠራበት ነበር። ፈላጊው ከሳጥኖቹ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ እኔም ትንፋሼን ውጬ፣ እናቴ ከማድ ቤት በር ላይ ስሜን ትጠራለች። እናት ጠርታ ዝም አይባልም። «አቤት!» እላለሁ።